ዲፕ ፍሪዘሩና የጾም ቀኖች

እሁድ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቁብ ወጣልኝ። ብሩ እጄ ሳይገባ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተጀመረ። ባለቤቴ ትልቅ ዲፕ ፍሪዘር ይላል። እማዬ ደግሞ "ምን ልታደርጉበት ነው? ቋንጣ የሚባል ነገር አታውቁም?" ትላለች። እኔ መግዛቱን ወስኛለሁ፤ ያልወሰንኩት የቱን እንደሆነ ነው። የእሁድ ገበያ ላይ ቲማቲም ረክሶ ሳየው ቦታ የለኝምና ሁለት ኪሎ ብቻ ይዤ እመለሳለሁ፤ ሳምንት ሳይቆይ ያው ቲማቲም ሰማይ ይነካል። ይህ ነገር ሰልችቶኛል።

ትናንት መርካቶ ዋጋ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጠይቆ "አስቤበት ልመለስ" ማለት አያዋጣም፤ ስትመለሺ ሌላ ዋጋ ይጠብቅሻል። ሻጩ ልጅ ትሁት ነው፣ ግን ትልቁን ሊሸጥልኝ ቆርጧል። "እህቴ፣ የዋጋ ልዩነቱ'ኮ ትንሽ ነው። ጨመር አድርጊና ሦስት መቶ ሊትሩን ውሰጂ፣ ቤተሰብ ይሰፋል።" ውሸት አልነገረኝም፤ ሦስት መቶው የመቶ ሃምሳው እጥፍ ቢሆንም በእጥፍ ዋጋ አይሸጥም። ትልቁ የሚያጓጓውም በዚሁ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ፍሪዘር ሲል የሚታየው የገና ቅርጫ ነው። እሺ፣ ከቅርጫው እንጀምር። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ዓቢይ ጾም ዘንድሮ የካቲት 9 ይገባል። በመሃል 40 ቀን አለ። ረቡዕና ዓርብ ይነሳል (ገና ራሱ ረቡዕ ስለዋለ እሱ ይበላበታል)፣ የጥምቀት ገሃድ ይነሳል፣ የነነዌ ሦስት ቀን ይነሳል። ካላንደሩ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ ሥጋ የሚበላበት ቀን 26 ብቻ ነው። አንድ ወር እንኳ አይሞላም! ከመደባችን ላይ ደግሞ ጥሬው፣ ጥብሱ፣ ጨጓራው በበዓሉ ሰሞን ያልቃል፤ እማዬም ለቋንጣዋ የምትዘለዝለውን ታነሳለች። ፍሪዘር ለሚገባው ቢበዛ ስምንት ኪሎ ይተርፋል። አንድ ኪሎ ሥጋ በፌስታል ጠፍጠፍ ተደርጎ ሲታሸግ ከሁለት ሊትር የበለጠ ቦታ አይፈጅም። ሦስት መቶ ሊትር ገዝቼ አሥራ ስድስት ሊትር ሥጋ ላስቀምጥ ነው? ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 4፣ እስከ ፋሲካ፣ 55 ቀን ሥጋ አይነካም።

እንዲያውም ፍሪዘሩን አጥብቄ የምፈልገው ለጾሙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ ወጥ የሚያስመርረኝ ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት ረከስ ሲል አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት በዘይት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምሬ፣ በርበሬውን ሳልነካው ላቀዝቅዘው አስቤአለሁ። በርበሬ ከሌለው ለአልጫም ለቀዩም ይሆናል። በየፌስታሉ አንድ ጭልፋ ተኩል፣ አየሩን በእጅ ገፍቶ አውጥቶ፣ ትሪ ላይ ደልደል አድርጎ ማስተኛት። ሲደርቅ ስስ ሰሌዳ ይሆንና እንደ ደብተር ይደረደራል። ቲማቲምም እንዲሁ፤ ሙሉውን ታስገቢውና ስታወጪው ልጣጩ በእጅ ይገፈፋል። ለሰላጣ አይሆንም፣ ለስልስ ግን ምን ጎደለው። ቃሪያ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ለስንግ አይታሰብ። ድንች ጥሬውን ማስገባት ትርፉ ጥቁር ድንች ነው። የዓመት ሽሮ ሲፈጭ ከፊሉን እዚያ ማቆየት ከነቀዝ ይገላግላል። እንጀራውን አራት አራት እያደረግኩ እጠቀልለዋለሁ። ይህን ሁሉ ደምሬ ከመቶ ሊትር ብዙም አልዘለልኩም።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ስልኬ ላይ ያነሳኋቸውን የዕቃዎቹን ጀርባ ፎቶዎች እያሰፋሁ አየሁ። ሻጭ የማይነግርሽ ነገር ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ አለ። በላይ የሚከፈተው 150 ሊትር በ24 ሰዓት 0.6 ኪሎዋት-ሰዓት ይላል፤ በወር 18 ኪሎዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። እንደ ቁምሳጥን በፊት የሚከፈተው፣ በረዶ የማይሠራው፣ 1.1 ይላል፤ በወር 33። በውስጡ ፋን አለው፣ በረዶውን የሚያሟሟ ማሞቂያም አለው፤ እነሱም ይበላሉ። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት-ሰዓት የሚከፍለውም ይጨምራል። በላይ የሚከፈተው በረዶ ይጋግራል፣ በዓመት አንድ ሁለቴ አጥፍቶ ማራገፍ ግድ ነው። ለኛ ሰው ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው አልቆ ግማሹ ባዶ ስለሚሆን የዚያን ሰሞን ይጸዳል።

ዋናው ጉዳይ ግን መብራት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይተኛል፤ በላይ የሚከፈተውን ስትከፍቺው ብርዱ አይፈስም። የቁሙን ስትከፍቺ እግርሽ ላይ ይሰማሻል። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ መብራት ሄዶ እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ገደማ። ትልቅ ገዝቶ ግማሹን ባዶ መተው ጉዳቱ እዚህም አለ። ባዶ ቦታውን ውሃ በተሞላ ሃይላንድ መሙላት ያግዛል። ፍሪጅ የሚሠራልን ሰውዬ አንድ ዘዴ ነግሮኛል፦ ውሃ በኩባያ አቀዝቅዢና ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጪ። ከክፍለ ሀገር ስትመለሺ ሳንቲሙ ውስጥ ገብቶ ካገኘሽው መብራት ጠፍቶ ሁሉ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋውን አትንኪ። ስታብላይዘርም ግዢ ብሎኛል፣ መብራት እንደመጣ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያቀብለውን። ሞተሩን የሚገድለው መጥፋቱ ሳይሆን ወዲያው ወዲያው መመላለሱ ነው አለ።

ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ወሬውን ሰምተው ዘመዳቸው ከአሜሪካ በኮንቴይነር ያመጣችውን ሊሸጡልኝ ጠሩኝ። ዕቃው ንጹሕ ነው፣ ላስቲኩ ብር ኖት ጣል አድርጌበት ስዘጋው አላስወጣም አለኝ። ዋጋውም ከመርካቶው በብዙ ይቀንሳል።

"ውሰጂው ልጄ፣ ካንቺ አልነግድም።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220።"

"ትራንስፎርመር አለው'ኮ።"

አለው፣ አይቼዋለሁ፤ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል፣ እጅ ሲነካው ይሞቃል። ያ ሙቀት ከቆጣሪው ካርድ ላይ ነው የሚቀነሰው። ቮልቱን ያወርደው ይሆናል እንጂ ለ60 ኸርዝ የተሠራውን ሞተር ከኛ 50 ኸርዝ ጋር አያስታርቀውም። ከሳዑዲ የሚመጣም እንዲሁ 60 ነው። ለእትዬ ይህን ሁሉ ማስረዳት ስላልቻልኩ ቡናቸውን ጠጥቼ "ከባለቤቴ ጋር ልምከር" ብዬ ወጣሁ።

በረንዳ ላይ ይቀመጥ የሚለው የባለቤቴ ሐሳብም ቀረ። ወረቀቱ ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ላለ ቦታ የተሠራ መሆኑን ይናገራል፤ የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ቀን ፀሐይ፣ ክረምት ዝናብ። ኮሪደሩ ላይ በጫማ መደርደሪያው ቦታ ይቀመጣል። በሩን በሜትር ለካሁት፣ 150ው ያልፋል። 300ውን ግን በኮንዶሚኒየም ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጡ ወዛደሮች የሚጠይቁትን አስቡት።

ማታ ለባለቤቴ ሒሳቡን አሳየሁት። "ይቺ ውስጥ አንድ በግ እንኳ አይገባም" አለ። በጉን ከነቀንዱ ሊያስገባ ነው መሰለኝ። 26 ቀን የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ካላንደሩን አንስቶ ራሱ ቆጠረና ዝም አለ። እማዬ ብቻ ደስ ብሏታል፣ ቋንጣዋን የሚነካ ስለሌለ።

ማክሰኞ ብሩን ስቀበል በቀጥታ መርካቶ ነኝ። ዕቃው ቤት ሲደርስ በመንገድ የተናወጠው የሞተር ዘይት እስኪረጋ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይውላል፣ ከዚያ ባዶውን አንድ ቀን ይቀዘቅዛል። ወረቀቱ በ24 ሰዓት ከ8 ኪሎ በላይ አዲስ ምግብ አታስገቢ ስለሚል ቁሌቱና ሥጋው አንድ ቀን መግባት የለባቸውም። ቁሌቱን ከገና በፊት ባለው ሳምንት እጀምራለሁ፤ ሽንኩርቱን ነገ ከሥራ ስመለስ እጠይቃለሁ።