የጎልፍ ካርቴን መንቀጥቀጥ ያገኘሁት በጠመኔና በሽቦ ነው

ያገለገለ ጎልፍ ካርት ገዝታችሁ መንቀጥቀጥ ካስቸገራችሁ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ጎማውን ባላንስ አሠሩት" (ክብደቱ ዙሪያውን እኩል ይሁን) የሚል ነው። ሁለተኛው "አላይመንት ይፈልጋል" (የጎማዎቹ አቅጣጫ ይስተካከል) ነው። ሁለቱንም ለጊዜው ተዉት። የኔ ካርት ሁለቱም ተሠርቶለት፣ በላዩ ላይ አዲስ ዕቃ ተገጥሞለት፣ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይተርፈኝ ነበር።

ካርቱ የኤሌክትሪክ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሲፈጥን ደግሞ ወንበሩ ይርገፈገፋል። ሻጩን ስጠይቀው ቅንጣት አልደነገጠም። "ብዙ ስለቆመ ጎማው ጠፍጥፎ ነው፤ ትንሽ ሲነዳ ይለቀዋል" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ። ጎማ ለወራት አንድ ቦታ ከቆመ መሬት የነካው ጎኑ ይጠፈጠፋል፤ ንፋሱ ካነሰ ደግሞ ይብሳል። ሲነዳና ሲሞቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የኔው ሞቀም ቀዘቀዘም ያው ነው።

የተለመዱትን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ጨረስኩ። ንፋስ ሞላሁ፤ የካርት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከ18 እስከ 22 ፒ ኤስ አይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው፣ ከሱ አትለፉ። የጎማ ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። የባትሪዎቹን ማሰሪያ አየሁ፤ አንዱ ባትሪ ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ማሰሪያው ከላላ ሻሲውን ሁሉ ያንኳኳል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ ላይና ታች ይዤ ወዘወዝኩ፤ እዚያ የሚላወስ ነገር ካለ ኩሽኔታው ወይም ጎማው የሚታጠፍበት ፒን አልቋል። ግራና ቀኝ ይዤም ወዘወዝኩ፤ ያ የመሪ ዘንግ ጫፎችን ያሳያል። ትንሽ ልል ነገር ነበረው፣ ግን ለዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የሚበቃ አልነበረም።

ከዚያ ጋራዥ ወሰድኩት። ጣጣው እዚህ ይጀምራል።

መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሥራውን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ። ካርቱን አልነዱትም። ጎንበስ ብለው የፊት ጎማውን አንዴ ወዘወዙና "የመሪ ጫፎቹ አልቀዋል" አሉ።

"ጋሼ፣ መሪው እኮ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ወንበሩ ነው። እስቲ አንዴ ይንዱትና ይዩት" አልኳቸው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚጀምረው።"

አለቀ። የመሪ ጫፎቹ ተቀየሩ። ነዳሁት፤ ያው ነው። "አላይመንት ይቀረዋል" ተባለ፣ ተሠራ። ያው ነው። "እንግዲያው ባላንስ ነው" ተባለ። አራቱም ጎማዎች ወርደው ቸርኬያቸው ላይ ክብደት ተመቶባቸው ተመለሱ። ያው ነው! በየመሐሉ "ወንበሩ ነው፣ ከኋላ ነው" እላለሁ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ "ሾክ አብዞርበሮቹን እንቀይር" ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሒሳቤን ከፍዬ ካርቱን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ባላንስ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይቆጣኛል እንጂ። የተለመደው የካርት ጎማ ቁመቱ 18 ኢንች ነው። አንዴ ሲዞር 1.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ካርቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሴኮንድ 4 ጊዜ እንኳን አይሞላም። መኪና በሰዓት 100 ሲሄድ ግን ጎማው በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን የባላንስ ጉድለቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መኪና ላይ መሪ የሚያስጨብጥ ጉድለት ካርት ላይ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። ፍጥነቱ የተጨመረለት ካርት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ካርት ላይ ግን ባላንስ ማሠራት ገንዘብ መበተን ነው ባይ ነኝ። ከኔ ጎማ አንዱ ክብደት ቆይቶ መንገድ ላይ ወድቋል፤ ምንም ልዩነት የለውም።

ቤት ስመለስ ነገሩን ከሥሩ ያዝኩት። ዕቃ ከመፍታት በፊት መንቀጥቀጡ የት እንደሚኖር ማወቅ ይሻላል። መሪው ከተንቀጠቀጠ ወደ ፊት፣ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ። ይሄ እኔም ያወቅኩት ነው፤ የሚሰማኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ቀጥሎ ሞተር ነው ወይስ ጎማ? ሜዳ ላይ አፍጥናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሱ። (በኤሌክትሪክ ካርትም ሁሉም "ነዳጅ" ነው የሚለው።) መንቀጥቀጡ ወዲያው ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በኤሌክትሪኩ የሞተሩ ዘንግ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚጋጠምበትን ጥርስ ማየት ነው። ቤንዚን ከሆነ ቺንጋውን፣ ክላቾቹን፣ የሞተሩን መቀመጫ ላስቲኮች። ካልጠፋና ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ ከበረደ ግን ነገሩ የጎማ፣ የታምቡር (ቸርኬው የሚታሰርበት የፍሬን ቤት) ወይም የአክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ነው። የኔ አብሮ ነው የበረደው። ችግሩ፣ አንዳንዱ ካርት እግር ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል፤ ስለዚህ በዚህ ፈተና ብቻ አትማሉ።

የኔ ምርጥ ፈተና መቁጠር ነው። ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ አንድ ወፍራም መስመር አሰመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ከጎን እየተራመደ፣ መስመሩ መሬት በነካ ቁጥር "እ!" እንዲል ነገርኩት። በእግር ፍጥነት ነዳሁ። በዚያ ፍጥነት ጎማው በሴኮንድ አንዴ ገደማ ነው የሚዞረው፤ ለመከታተል ምቹ ነው። "እ!" ሲል ወገቤ ይወዘወዛል። "እ!" ይወዘወዛል። አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። ሞተሩ እኮ ጎማው አንዴ ሲዞር 12 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። ጥፋቱ የሞተሩ ቢሆን በዚያ ዝግታ እንኳን ጥድፍ ጥድፍ የሚል ንዝረት ነበር የሚሰማኝ። ስለዚህ ሞተሩ ነጻ ወጣ። ይህን ለማወቅ ያወጣሁት አንድ ጠመኔ ነው።

ከዚያ የኋላውን አነሳሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በድንጋይ ወይም በጣውላ ያዙ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ሻሲውን ጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉት። ካርቱ የመጎተቻ ማብሪያ ማጥፊያ ካለው ወደ "መጎተት" አዙሩት፣ ቁልፉንም አውጡ። የኋላ ጎማ አየር ላይ እያለ "እስቲ እንዴት ይዞራል" ብላችሁ ነዳጁን አትርገጡ። ሴሪስ የሚባለው ዓይነት ሞተር ጭነት ከሌለበት ፍጥነቱን የሚገታው ነገር የለም፤ ዙሩ ከመጠን በላይ ወጥቶ ራሱን ሊበትን ይችላል። ጎማውን በእጅ ማዞር ይበቃል፣ የሚሻለውም እሱ ነው።

አንድ ቀጭን ሽቦ ብሎኬት ላይ አስሬ ጫፉን ከግራው የኋላ ቸርኬ ጠርዝ አጠገብ አቆምኩት፣ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው። ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ክፍተቱ ሰፋ፣ ጠበበ፣ ከዚያ ሽቦው ቸርኬውን ጫር አደረገው። ልዩነቱ ከ4 ሚሊ ሜትር አያንስም። ቀኙን አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነው።

"ታዲያ ቸርኬው ነዋ" ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አዲስ ቸርኬ የሚገዛው። ቆዩ። ሽቦው የጫረበትን ቦታ ቸርኬውም ላይ፣ በዚያው ትይዩ ታምቡሩም ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ጎማውን ፈታሁ። ታምቡሩ ቸርኬውን የሚቀበልበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ፤ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ብቻውን ቸርኬን ሊያዘነብል ይችላል። ከዚያ ጎማውን ግማሽ ዙር አዙሬ መልሼ ገጠምኩት። ካርት አራት ዳዶ ስላለው ሁለት ብሎን ማለፍ ማለት ነው። ሽቦው የሚጭረው ቦታ ከቸርኬው ምልክት ጋር ከተጓዘ ጥፋተኛው ቸርኬው ነው። ከታምቡሩ ምልክት ጋር ከቀረ ቸርኬው ንጹሕ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ነገር ነው። አዞርኩ። ሽቦው የጫረው ታምቡሩ ላይ ምልክት ባደረግኩበት በኩል ነው።

ታምቡሩን አወለቅኩ። የአክስሉን ጫፍ እያየሁ በሌላው ጎማ በኩል አዞርኩት። ጫፉ ባለበት መዞር ነበረበት፤ እሱ ግን ትንሽ ክብ እየሠራ ይሄዳል። አክስሉ ጎብጧል። የዘይት ማገጃው ላስቲክም በዚያው ተበልቶ የፍሬን ሸራው በዘይት ርሷል። ጋራዡ ውስጥ አራቱ ጎማዎች ለባላንስ ሲወርዱ ይህ ሁሉ እዚያው ነበር። ዓይን ሥር!

የበለጠ ያናደደኝ ግን ሻጩ ነው። ያን ጊዜ ነው ያ የግራ የኋላ ቸርኬ ከሦስቱ ይልቅ አዲስ መሆኑ ትርጉም የሰጠኝ። ካርቱ ከጠርዝ ድንጋይ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተጋጭቷል፣ ቸርኬው ተቀይሯል፣ አክስሉ እንዳለ ቀርቷል። "ጎማው ጠፍጥፎ ነው" ያለኝ ሰውዬ ቸርኬ ያስቀየረውን ምት የሚረሳ አይመስለኝም።

የጎበጠ አክስል "ተጭኖ ይቃናል" የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔ አልተስማማሁም። ያ ብረት እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንዴ ጎብጦ ሲቃና የማይታይ ስንጥቅ ሊያበጅ ይችላል፣ የሚሰበረውም ስትነዱ ነው። አዲስ አስገባሁ። ኩሽኔታውን፣ የዘይት ማገጃውንና በዘይት የራሰውን ሸራም አብሬ ቀየርኩ፤ ለእነሱ ብሎ ሁለተኛ መፍታት ሞኝነት ነው። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አሰርኳቸው። የኔ ካርት መመሪያ 55 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 75 ኒውተን ሜትር ያህል ይላል፤ የእናንተው ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን እዩ። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ማጥበቅ አለ።

ወንበሩ ጸጥ አለ። ያ መመሪያ መጽሐፍ ስለ መንቀጥቀጥ የሚለው በጎማ ንፋስ ጀምሮ በፊት እግሮቹ አልፎ አክስሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው። ለአዲስ ካርት ይሁን። ታሪኩን ለማታውቁት ያገለገለ ካርት ግን ንፋሱን እንደሞላችሁ በቀጥታ ወደ ጠመኔውና ወደ ሽቦው ሂዱ።

ገና ልትገዙ ከሆነ አራቱን ቸርኬዎች አስተያዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ አዲስ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የኋላ ጎማዎችን ውስጠኛ ጎን በእጅ ዳብሱ፣ ዘይት ካለ ይታወቃል። ከዚያ ኋላውን አንስታችሁ ሁለቱንም ጎማ በእጅ አዙሩ። ሻጩ "ክሪክ ምን ያደርጋል፣ ነድታችሁት የለ" ካለ፣ የዋጋ ወሬ አትጀምሩ።