ክራሬን በኤሌክትሮኒክስ ለማጀብ ስሞክር

የክራሬን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ ለመለወጥ ስነሣ ያሰብኩት የገደል ማሚቶ የሚፈጥር ትንሽ መሣሪያ በእጄ ለመሥራት ነበር። ይሁን እንጂ ከማሚቶው ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ድምፁን ከክራሩ በወጉ የመቀበሉ ሥራ ነው።

ከመርካቶ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የፒዬዞ ዲስክ ገዛሁ። ይህች ስስ የነሐስ ክብ በማንቂያ ደወሎችና በልጆች መጫወቻዎች ውስጥ ድምፅ የምታወጣው ናት፤ በተቃራኒው ስትርገበገብ ደግሞ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። በክራሩ ቆዳ ላይ ለጥፌ ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) ጋር ሳገናኛት የሰማሁት ድምፅ ግን ሥጋው ተገፎ አጥንቱ የቀረ ይመስል ነበር። ዲስኳ የተበላሸች መስሎኝ ሁለት ሌሎች ብገዛም ለውጥ አላየሁም።

ችግሩ የነበረው አገናኙ ላይ ነው። ፒዬዞ በባሕርይዋ ካፓሲተርን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅመውን ዕቃ ትመስላለች፤ የእኔዋ የማጠራቀም አቅም በማልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 20 ናኖፋራድ ገደማ ሆነ። የሚክሰሩ መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚያዳክም ማጣሪያ ይፈጥራሉ፤ የክራሬ ስድስት አውታሮች መሠረታዊ ድምፅ ሁሉ የሚገኘው ግን ከዚያ በታች ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ወሰኑ ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል። ይህን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ዲስኮች ባልገዛሁ ነበር።

ስለዚህ ቲኤል072 የተባለችውን ቺፕ፣ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር (ተቃውሞ ሰጪ ዕቃ) እና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይዤ፣ በዲስኳና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ የቅድመ ማጉያ ወረዳ በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃዎች በሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ አቀናበርኩ። ለጀማሪ ከግድግዳው 220 ቮልት ይልቅ ባትሪ እንደሚሻል አጥብቄ አምናለሁ፤ ብሳሳት የሚቃጠለው ዕቃው ብቻ ነው። የክራሩ ወፍራም አውታር ለመጀመሪያ ጊዜ ከነሙላቱ ሲሰማኝ ዓይኖቼ እንባ አቀረሩ። የመብራት መሥመሩ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ግን አብሮ ይሰማ ስለነበር፣ ወረዳውን በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አስገብቼ ጣሳውን ከወረዳው የመሬት መሥመር (ከባትሪው ጋር ከሚገናኘው የጋራ ሽቦ) ጋር በየድኩት፤ ጉምጉምታውም ወዲያው ቀነሰ። የዲስኳ ቦታም ልዩነት ያመጣል፦ ከበርኩማው (አውታሮቹን ተሸክሞ ቆዳው ላይ ከሚቆመው እንጨት) ሥር ስትሆን የጣቴ ምት ዜማውን ይሸፍነዋል፣ በቆዳው መካከል ስትሆን ስፒከሩ ያፏጫል፤ ከበርኩማው ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ስትል ግን ሁለቱም ይረግባሉ።

ማሚቶውን የሠራሁት ፒቲ2399 በተባለችው ቺፕ ነው። በ5 ቮልት የምትሠራ መሆኗን ዘንግቼ በቀጥታ ከ9 ቮልቱ ጋር በማገናኘቴ የመጀመሪያዋን አቃጠልኩ፤ ሁለተኛዋን በ7805 ቮልቴጅ አስተካካይ በኩል አገናኘኋት። የማሚቶው መዘግየት ሲረዝም ሹክሹክታ የሚመስል ጫጫታ ስለሚጨምር፣ ትዝታ በምጫወትበት ጊዜ ከ300 ሚሊ ሰከንድ አላሳልፈውም፤ በዚያ ልክ እያንዳንዱ ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ሳይደባለቅ ተመልሶ ይሰማል።