ጨውስ ከየት አገኙ?

ኩፐርስታውን የመጣሁት ሰመር ላይ ነው፣ ለሆቴል ሥራ። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ያለች የሐይቅ ዳር መንደር ናት፤ ነዋሪዋ 1,800 ገደማ ቢሆን ነው። ሰመር ላይ የቤዝቦል ሙዚየሙን ሊያይ የሚመጣው ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ብርዱ ሲገባ ግን ሁሉም ጭር አለ፣ የሥራ ሰዓቴም ተቀነሰ። የቤት ኪራዩ ግን አልተቀነሰም። ያን ሰሞን በጣም ከፍቶኝ ነበር። ቤት ከመቀመጥ ብዬ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩና የመንደሯን ታሪክ አገኘሁ።

መሬቱ የኢሮኮይ ሕዝቦች፣ ማለትም የአሜሪካ ነባር ነዋሪዎች፣ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 የአሜሪካ ጦር የኦትሴጎ ሐይቅን መውጫ ገደበ፤ ውሃው ሲሞላ ግድቡን አፍርሶ ከ200 በላይ ጀልባዎች በጎርፉ ላይ ሰደደ፣ የኢሮኮዮቹን መንደሮች ለማቃጠል። ይሄን ዘልዬ ስለ መጀመሪያዎቹ ቤቶች ማውራት አልፈልግም።

በ1786 ዊልያም ኩፐር (የደራሲው የጄምስ ፌኒሞር ኩፐር አባት) መሬቱን ለሰፋሪዎች መሸጥ ጀመረ። ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ ሁሉም በዱቤ። ሰዎቹ ከግንድ ቤት ሠርተው ገቡ። ግን ዕዳው በምን ይከፈላል? በአመድ! ደን መንጥረው ያቃጥላሉ፣ አመዱን በውሃ ያጠልላሉ፣ የተጠለለውን በትልልቅ የብረት ድስት እስኪደርቅ ያፈላሉ። ፖታሽ ይሉታል፤ ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ ይፈለግ ነበር። ኩፐር ሱቅ ከፍቶ ይሄንንና ከሜፕል ዛፍ የሚያወጡትን ስኳር ይቀበላቸው ነበር። የዚያ ዘመን የብረት ቀጥቃጭ ቤት ዛሬም ፓዮኒር ጎዳና ላይ ቆሟል፤ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆም እላለሁ።

አንጀቴን የበላኝ ግን የ1789ኙ ረሃብ ነው። ኩፐር ራሱ ጽፎታል። 200 ቤተሰብ በዙሪያው አለ፣ ቁራሽ ዳቦ የለም፣ ሰው ከጫካ ሥራ ሥር እየቆፈረ ይበላል፣ ዕዳቸውም እዚያው አለ። አንድ ቀን ሰስኮሃና ወንዝ ውስጥ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ በመንጋ ሽቅብ ሲመጣ አዩ። መረብ አልነበራቸውም። ቀጫጭን ቅርንጫፍ ጎንጉነው እንደ መረብ አደረጉትና በሺዎች አወጡ። በኋላም የስቴቱ ምክር ቤት በቆሎ ላከላቸው።

ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ከቤቴ በእግር ቅርብ ነው። በጣም ጠባብ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሰው ዳነ ቢሉኝ አላምንም ነበር። በረዶው ሲቀልጥ እዚያ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩና ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት፣ የግንዱን ቤት፣ አመዱን፣ ዓሣውን። ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣

«ጨውስ ከየት አገኙ ልጄ?» አለችኝ።

እኔም እሱን ፈልጌ ነበር። ጨውም ለየቤተሰቡ ታድሏል፣ እማዬ።