የሱባሩዬ 18 ወር፦ ገንዘቡ የሄደበትና መኪናዋ የቆመችበት

ባለፈው ስጽፍላችሁ መኪናዋ እጄ ከገባች ገና 3 ወሯ ነበር። ያኔ «እስካሁን ከዘይትና ከፊልትሮ በስተቀር ምንም አላወጣሁም» ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። ምላሴን በቆረጠው። ይኸው 18 ወር ሞላት፤ የወጪ ደብተሬም ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

ለአዲሶቹ፦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩአርኤክስ ኤስቲአይ ናት። የ2003 ሞዴል፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች፣ መሪዋ በቀኝ። ሞተሯ ባለ2 ሊትር ኢጄ207 ቱርቦ ነው። ስገዛት 92,000 ኪሎ ሜትር ነድታ ነበር፤ ዛሬ 111,000 አልፋለች።

ጠቅላላውን አስቀድሜ ልናገር። ለመለዋወጫ፣ ለማጓጓዣና ለእጅ ዋጋ ያወጣሁት ሲደመር የመኪናዋን መግዣ ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ድምሩን ለባለቤቴ አላሳየሁም። እኔን ያስገረመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ከ18ቱ ወር ወደ 4 የሚጠጋውን ቆማ ነው ያሳለፈችው። ያቆማት ደግሞ አንድም ቀን ውዱ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ ትንሿ ናት።

ቁጥሯን ማወቅ

ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ባለ17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር የለውም። የእኔዋ «ጂዲቢ» ብሎ ጀምሮ 6 አሃዝ ይከተላል፤ በቃ። ብዙ የመለዋወጫ ካታሎግ ግን 17 አሃዝ ካልሞላችሁለት አያስገባችሁም። ሁለት ሳምንት ከዚህ ጋር ታገልኩ። መፍትሔው ኮፈን ስር ካለችው የብረት ታርጋ የሞዴል ኮዱን መውሰድና የጃፓኑን ካታሎግ መጠቀም ነው። ኮዷ ውስጥ የተሻሻለችበትን ዙር የምትናገር አንዲት ፊደል አለች። ያቺን ፊደል ሳታውቁ ምንም አትዘዙ። ለምን እንደምል ወረድ ብላችሁ ታያላችሁ።

ታይሚንግ ቤልት፣ 98,000 ኪሎ ሜትር

ታይሚንግ ቤልት ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬድ የጎማ ቀበቶ ነው። መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ትንሽ ቀደም ብለን ከፈትናት። በዚህ ሞተር ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። 4 ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)፣ 16 ቫልቭ፣ ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ። እዚህ ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር የለም።

ሻጩ «ቤልቱ ተቀይሯል» ብሎኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ ቤልት ሲቀየር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በተለጣፊ ይጻፋል። ተለጣፊ ፈለግን፤ የለም። ሽፋኑ ሲነሳ ቤልቱ ለዓይን ደህና ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። እኔማ ልቤ ለመቆጠብ ቋምጦ ነበር። መካኒኩ ግን ቤልቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ቤልቱ የሚሄድባቸውን መዘውሮች አንድ በአንድ በጣታቸው ያዞሩ ጀመር። ሦስቱ ድምፅ ሳያሰሙ ዞሩ። አራተኛዋ፣ ጥርስ ያላት፣ አሸዋ የገባባት ይመስል ተንኮሻኮሸች። «ጆሮህን አምጣ» አሉኝና ደግመው አዞሯት። «ቤልት ዝም ብሎ አይበጠስም። የምትበጥሰው ይቺ ናት።»

ስለዚህ ሙሉውን ኪት አዘዝኩ፦ ቤልት፣ መወጠሪያ፣ አራቱ መዘውሮች፣ የውሃ ፖምፓ። ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ቤልት ስለሆነ እሱን ትቶ መዝጋት በኋላ ያንኑ ሥራ እንደገና መክፈል ነው። ቴርሞስታቱንም ኦሪጅናል ጨመርኩበት፤ ውሃው አንዴ ተደፍቷል። የጃፓኑ አምራች የአይሲን ኪት በ9 ቀን እጄ ገባ። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። የእኔው ኢጄ207 የሚመደብበት የኢጄ20 ሞተር ቤተሰብ በ1989 ጀምሮ በ555 መኪና እስከተወሰነው የ2019ኙ የመጨረሻ እትም ድረስ 30 ዓመት ተሠርቷል። ከተራዎቹ ሱባሩዎች፣ ከፎረስተርና ከሌጋሲ ጋር የምንጋራው ብዙ ነው። የሚጋሩት ዕቃ ደግሞ አይጠፋም፣ ዋጋውም አያስደነግጥም።

መዳፍ የማታህል ቱቦ

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጣጣው መጣ። ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚያልፍበት አጭር የጎማ ቱቦ አለ። ርዝመቱ ከመዳፌ አይበልጥም። 20 ዓመት ሙሉ ከቱርቦው ጎን ሲጋገር ኖሮ ጎማነቱን ረስቷል። ፋሸታውን ስንፈታ እንደ ሸክላ ተሰበረ። ድምፁ ራሱ «ቀጭ» ነው ያለው።

ቀጥ ያለ ቱቦ ቆርጠን ሞከርን። መታጠፊያው ላይ ተጨፈለቀና ውሃ አላሳልፍ አለ። ለካ ቱቦዋ በፋብሪካ ታጥፋ የተቀረጸች ናት፤ ቅርጿን ሌላ ቱቦ አይይዘውም። ፍለጋ ገባሁ። አንዱ ጋ ክምችት የለም፣ ሌላው ጋ የውጭ ገበያው ሞዴል ናት። የእኔዋ ቱርቦ ትዊን ስክሮል የሚባለው (ጭሱ በሁለት መንገድ የሚገባበት) ስለሆነ ከኤግዞስት መሰብሰቢያው ጀምሮ የዚያ አካባቢ ዕቃ ለውጭ ገበያ ከተሠራችው ኤስቲአይ ጋር አይገናኝም። ከ5 ሳምንት ከ2 ቀን በኋላ ደረሰች። ማጓጓዣዋ ከራሷ ዋጋ 6 እጥፍ ነበር። አዲስ ቤልት፣ አዲስ ፖምፓ ለብሳ መኪናዋ አንዲት ቱቦ ጠበቀች።

ከዚያ ወዲህ ልማዴን ቀይሬአለሁ። አንድ ሥራ ሳስብ መጀመሪያ ዋናውን ዕቃ አልዘረዝርም። እሱ ጋ ለመድረስ ምን ምን እንደሚፈታ እጽፋለሁ። በመንገድ ላይ ያለ ቱቦ፣ ኦሪንግ፣ ፋሸታና የፕላስቲክ መያዣ ሁሉ በአንድ ካርቶን አብሮ ይታዘዛል። ያልተሰበረው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የመደርደሪያዬን መልክ ብታዩ ግን ትስቃላችሁ።

ፍሬን፦ ጥፋቱ የራሴ

የፊት ዲስክ አዲሱ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ 28 ሲደርስ ይጣላል። የእኔዎቹ 28.2 ነበሩ። ጥሩ ዋጋ አየሁና ጥንዱን ገዛሁ። ስፋቱ ልክ፣ ውፍረቱ ልክ፣ ሳጥኑ ላይም ኤስቲአይ ይላል። ልገጥም ስሞክር ቀዳዳዎቹ አልገናኝ አሉ። የእኔ መኪና የጎማ ብሎን አቀማመጥ 5 በ100 ነው፤ ማለትም 5 ብሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ። ከ2005 ሞዴል ጀምሮ ወደ 5 በ114.3 ተቀይሯል። ይህን የምትነግራችሁ ያቺ ከላይ ያልኳችሁ የሞዴል ኮዱ ፊደል ናት። ዲስኮቹን በኪሳራ ሸጥኳቸው። ቸርኬም፣ የጎማ ኩሽኔታም ስትገዙ ያው ጉድ ይጠብቃችኋል።

የፍሬን ሸራው በአንጻሩ አስደሰተኝ። የፊቱ ባለ4 ፒስቶን የብሬምቦ ፍሬን ከሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንና ብሬምቦ ካለው ኒሳን 350ዜድ ጋር አንድ ዓይነት ሸራ ይወስዳል። ምርጫው የትየለሌ ነው። በኢቮ ስም ስትፈልጉት አንዳንዴ ይረክሳል።

ጎማ ላይ አጭር ልበል። አንዱ ጎኑ ተቀደደ፤ አራት ገዛሁ። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ የዙሪያ ልኩ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ሲለያይ የመሃል ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ያለ ዕረፍት ይሠራል። የእሱን ዋጋ አይቼ ነው ያለ ክርክር የከፈልኩት።

ቤንዚንና ዘይት

የጃፓኗ ኤስቲአይ የተስተካከለችው እስከ 100 ኦክቴን ለሚደርስ ቤንዚን ነው፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት ልክ ነው። ዝቅ ባለ ቤንዚን ስትጫን ሞተሩ ያንኳኳል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ማንኳኳት ፒስቶን ይሰብራል። ኢሲዩውን (የሞተሩን ኮምፒውተር) በምቀዳው ቤንዚን ልክ አስተካክዬዋለሁ። ጉልበቷ ትንሽ ቀነሰ፣ እንቅልፌ ተመለሰ። በእኔ ዓይን ካወጣሁት ሁሉ ይህ ነው ያልቆጨኝ።

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ በየሁለተኛው ነዳጅ ቅጂ ደግሞ ይለካል። ጠፍጣፋ ሞተር ስለሆነ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። መለኪያዋም ተንኮለኛ ናት፤ አንዱ ገጿ ሙሉ ሲል ሌላው ጎደለ ይላል። ዝቅተኛውን አምናለሁ።

አሁን በወረፋ ያለው ፍሪሲዮን ነው። በአምስተኛና በስድስተኛ ማርሽ ስረግጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። ዲስኩና መጫኛው ደርሰዋል፣ ቮላኖው ደርሷል፣ ካምቢዮውን የሚያወርድልኝ ሰውም ቀን ሰጥቶኛል። የቀረችው የፍሪሲዮን ኩሽኔታዋ ናት። መንገድ ላይ ነች ተብያለሁ፤ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።