ከንፈሬ የጠቆረ ሰሞን

መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። ጠዋት ቡና እየቀዳችልኝ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ከንፈርሽን ምን ነካው?» አለች። ቀለም የተቀባሁ መስሏት ነበር። በእጄ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። ሰማያዊም ግራጫም የሆነ ነገር።

ዳፕሶን የሚባል መድኃኒት መዋጥ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ክርኔን፣ ጉልበቴንና መቀመጫዬን ሳክ ነው የኖርኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ድሬዳዋ፣ መጋላ ነው። ክርኔን ማሽኑ ላይ ሳሳርፍ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ይፈነዳል፤ የሰው ጨርቅ ላይ ደም ይነካል። የድሬ ሙቀት ነው ተባልኩ። ቀጥሎ እከክ ነው ተባለና ቤተሰቡ በሙሉ ቅባት ተቀባ። በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ከሽፍታው ሳይሆን አጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ቁራጭ ወሰደች። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱ መጣ፦ ደርማታይቲስ ሄርፔቲፎርሚስ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መነሻው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ነው።

ዳፕሶን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው። ሐረር ያለችው አክስቴ ስሙን ስትሰማ ክው አለች፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና ከሚታወቀው ከቢሲዲሞ ሆስፒታል ታውቀዋለች። እንደ እኔ ላለው ሰው ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ቆዳ ላይ የሚሰፍሩትን ነጭ የደም ሴሎች ያበርዳል። አቦ፣ እንዴት ይሠራል መሰላችሁ! በ3ኛው ቀን ማሳከኩ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። አለቀስኩ።

የተሳሳትኩትም እዚያ ላይ ነው። ዳንኩ ብዬ ጠዋት ፈጢራ፣ ማታ ሳምቡሳ፣ ያው ስንዴውን መብላቴን ቀጠልኩ። መድኃኒቱ ማሳከኩን ብቻ ነው የሚያስቆመው፤ ግሉተኑ አንጀቴ ላይ የሚያደርሰውን አይነካውም።

ከንፈሬ በጠቆረ ቀን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ራሴን ይወቅረኛል። ሆስፒታል ጣቴ ላይ ያደረጉት የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ 87 በመቶ አለ። ሄሞግሎቢኔ፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ከ13 ወደ 10 ወርዷል። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ዳፕሶን ሁለት ነገር ያደርጋል። ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። የቀሩትንም አንዳንዶቹን ኦክስጅን መሸከም እንዳይችሉ ያደርጋቸዋል፤ ከንፈር የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ መድኃኒቱን ስጀምር ይህን የነገረኝ አለመኖሩ ነው። የጂ6ፒዲ ምርመራ አስቀድሞ መሠራት ነበረበት። ይህ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ዳፕሶን ሲወስዱ ደማቸው ክፉኛ ይፈርሳል፤ እጥረቱ ደግሞ ወባ ባለበት አካባቢ ይበዛል። ድሬ ወባ አታጣም! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በየሳምንቱ ደም መታየት አለበት። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አይቻልም፤ ነጭ የደም ሴሎች አልቀው ሊሆን ይችላል። ይህን መድኃኒት የታዘዘላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጠይቁ። እንዳታፍሩ።

ከ100 ሚሊግራም ወደ 50 ወረድኩ። ከንፈሬ በቀናት ውስጥ መልኩ ተመለሰ። ዋናው ትግል አሁን ወጥ ቤት ነው። ጤፍ፣ ማሽላና ሩዝ ግሉተን የላቸውም፤ ግን ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ይኖርበት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሽሮና በርበሬም ከስንዴ ኋላ ከተፈጨ ያው ነው። እማዬ እርሾዋን ደፍታ በጤፍ ብቻ አዲስ ጀመረች። ወፍጮ ቤት ማልዳ ትሄዳለች፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ። ወፍጮው ውስጥ የቀረውን ስንዴ እንዲጠርግ አንድ ኪሎ ማሽላ ታስቀድምና ያ የወጣው ለጎረቤት ዶሮ ይሄዳል፤ የእኔ ጤፍ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከግሉተን በመራቅ ቆዳው እስኪጠራ ወራት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል ብለውኛል።

ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አሁን በ25 ሚሊግራም ነው ያለሁት። ትናንት ለምርመራ ደም ሰጥቼ መጣሁ፦ ሄሞግሎቢኔ 12.1። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላኝ አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ፣ ከቀድሞዎቹ ጋር አስቀመጠችው።