ያቺ የሌሊት ሲስተር

ከሌሊት ተረኛ ወጥቼ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም የአንድ አባት ልብ ቆመ። ክፍሉ ተተራመሰ። ሁሉም ያወራል፣ የሚሰማ የለም። የጽኑ ሕሙማን ነርሷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን አየችን። «አንተ ደረት ግፋ። አንቺ ሰዓት ያዢ።» ሐኪሙ ሲያዝ «አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም፣ በደም ሥር» ብላ ደገመች። ሰጥታም «ሰጥቻለሁ፣ 9፡14» አለች። መድኃኒቱ በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ስለሚደገም ያቺ ሰዓት ወሳኝ ናት። ደረት የሚገፋውንም በየ2 ደቂቃው ታስቀይራለች። ክንዴ መዛሉን ከእኔ በፊት ያየችው እሷ ናት።

ደም ሥር ማግኘቱን፣ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ማስተካከሉን ተምረናል። በግርግር መሃል እንዲህ መነጋገሩን ግን ማን አስተማረን? «ዶክተር፣ መጠኑ አልበዛም?» ማለት ስንቶቻችንን ያስፈራናል! እኔ አንዴ ዝም ብያለሁ። እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

የአባታችን ልብ ተመለሰ። ልጃቸው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ሲስተር ጓንቷን አወለቀች፣ አጠገቧ ቁጭ አለች፣ እጇን ያዘቻት።