በያዋራት የቀረበልን የጾም ማዕድ

እናቴን ለልብ ምርመራ ወደ ባንኮክ ይዣት የሄድሁት በ2017 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ነበር። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሦስት ቀን መጠበቅ ስለነበረብን፣ መስከረም 28 ቀን ምሽት በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረን ዋት ማንግኮን በተባለው ጣቢያ ወረድንና ያዋራት ወደሚባለው የቻይናውያን ሰፈር አመራን። እናቴ የጽጌን ጾም ይዛለች። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሕመምተኛ ቢተወው ማንም እንደማይወቅሰው ብነግራትም «ልጄ፣ ጽጌን ሳልጾም ያለፍሁበት ዓመት የለም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። በዚያ ሰፈር የአሳማ ሥጋ ወይም ስቡ ያልነካው ምግብ ማግኘት ከባድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ምን እንደማበላት ተጨንቄ ነበር።

ከጣቢያው ስንወጣ ግን መንገዱ ቀይ ጽሑፍ ባለባቸው ቢጫ ባንዲራዎች ደምቆ ጠበቀን። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛው ወር መግቢያ ለዘጠኝ ቀናት የሚጾሙት «ጄ» የተባለው ጾም ላይ ደርሰን ኖሯል። ጿሚዎቹ ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት የማይቀምሱ ከመሆናቸውም በላይ፣ ሽታቸው ከባድ ነው የሚባሉትን ነጭ ሽንኩርትንና ቀይ ሽንኩርትን ጭምር ይተዋሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ቆም ብላ «ሽንኩርት የሌለው ወጥ ምን ሊጥም?» አለችኝ፤ ጥያቄዋም ሌሊቱን ሙሉ አብሮን ቆየ።

የገባንበት ምግብ ቤት በጠባብ ቅያስ ውስጥ የሚገኝ፣ ታችኛው ክፍሉ ሱቅ፣ ላይኛው መኖሪያ የነበረ አሮጌ የነጋዴ ቤት ነው። ያደሱት ሰዎች የተላጠውን ግድግዳና የጠቆረውን የእንጨት ደረጃ እንዳለ ትተው፣ በየጠረጴዛው ላይ ዝቅ ያለ ብርሃን ብቻ ሰቅለዋል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ ደስ ይለኛል። አስተናጋጇ እናቴን «ኩን ሜ»፣ ማለትም ክብርት እናት፣ እያለች እጇን ደግፋ አስቀመጠቻት።

በማዕዱ ላይ የቻይናውያንና የታይላንዳውያን እጅ አብሮ ይታያል። ንጉሥ ራማ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1782 አዲሱን ቤተ መንግሥታቸውን ለማነጽ በቦታው ሰፍረው የነበሩትን ቻይናውያን ከያዋራት ጎን ወዳለው ሳምፔንግ ባዛወሯቸው ጊዜ የዚህ ሰፈር ታሪክ ጀመረ። አብዛኞቹ ከደቡብ ቻይና የመጡ ቴዎቼው የሚባሉ ሰዎች ናቸው። በኃይለኛ እሳት ላይ በጎድጓዳ መጥበሻ እያገላበጡ መጥበስን፣ ኑድልንና ከአኩሪ አተር የሚብላሉ ማጣፈጫዎችን ይዘው መጡ። የኑድሉ የታይኛ ስም «ኩዋይቲያው» ራሱ ከደቡብ ቻይና ቋንቋ የተወሰደ ነው። ዓለም የታይላንድ መለያ አድርጎ የሚያውቀው ፓድ ታይም ቢሆን፣ የሮቃው ኮምጣጣነትና የዘንባባው ስኳር የታይላንድ ሲሆኑ ኑድሉና አጠባበሱ ከቻይና ናቸው።

በመጀመሪያ የቀረበልን የተጠበሰ ጎደሬ ነበር፤ ውጩ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ማጥቀሻውም ከሮቃና ከተፈጨ ለውዝ የተሠራ። ቀጥሎ በጠጅ ሣር፣ በሎሚ ቅጠልና በቃሪያ የተቀቀለ የእንጉዳይ ሾርባ መጣ። እናቴ ጠጅ ሣርን የምታውቀው በዓመት በዓል ቤት ሲጎዘጎዝ ነውና፣ ሽታው ከሳህን ሲወጣ ዐይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየች። ከስንዴ ተሠርቶ ዳክዬ እንዲመስል የተደረገውን ምግብ ግን አልወደድሁትም፤ የተውነውን ሥጋ በመልክም በጣዕምም መልሶ የሚያቀርብ ጾም ልቤ አይቀበለውም። የምሽቱ ንጉሥ ዕንቁላል ያልገባበት ወፍራም ቢጫ ኑድል ነበር፤ ከጥቅል ጎመንና ከደረቅ እንጉዳይ ጋር ተጠብሶ፣ የመጥበሻው ጢስ እንደያዘው ከነትኩሳቱ ደረሰልን።

እናቴ ሁለት ጊዜ ከጎረሰች በኋላ «ይህ ቁሌት ያለው ይመስላል፤ ቁሌቱ ከየት መጣ?» ብላ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። ጥያቄው ወደ ማድ ቤት ሲደርስ፣ ምግብ አብሳዩ ራሱ በትንሽ ሳህን ደረቅ እንጉዳይና የተብላላ አኩሪ አተር ይዞ ወጣ። እንጉዳዩን የዘፈዘፈበትን ውኃ እንደማይደፋ፣ ከአኩሪ አተሩ ጋር እያደረገ ቀስ በቀስ እንደሚያመጥጠው በምልክትና በጥቂት እንግሊዝኛ አስረዳን። እናቴም ጣቷን አስነክታ ቀመሰች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ በአማርኛ «እጅህ ይባረክ» አለችው፤ እርሱም ትርጉሙን ሳልነግረው እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሣት።

መዝጊያው ጎደሬ በኮኮናት ወተት ተላቁጦ የሚሠራ «ኦር ኒ» የተባለ የቴዎቼው ጣፋጭ ነበር። ሒሳቡ በየመንገዱ ዳር ከሚሸጠው የጾም ምግብ ብዙ እጥፍ ቢሆንም፣ እናቴ ሳህኗን ጠርጋ ስትበላ ያየሁት ከአዲስ አበባ ከተነሣን ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበርና ከፍዬ ስወጣ ቅር አላለኝም።

በማግሥቱ የምርመራው ውጤት ሳይደርሰን ወደ ሳምፔንግ ገበያ መለሰችኝ። ደረቁን እንጉዳይ እያሸተተች ከመረጠች በኋላ ግማሽ ኪሎ አስመዝና፣ በሻንጣዋ ውስጥ ከመድኃኒቶቿ ሥር በነጠላዋ ጠቅልላ አስቀመጠችው።